እሱ ነው፣ ተጫኚው

እኔ እንደሆን እንግዳ ሲቸገር ቁጭ ብዬ ማየት አልችልበትም። እናቴም እንዲህ አላሳደገችኝ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሻረግ የምትባል ልጅ ከዳንግላ በሚኒባስ መጥታ እንጅባራ ቢሮዬ ስትቀመጥ፣ የመጣችበትን ሥራ እኔው ሠራሁላት።

የመጣችው አዲሱን የመምህራን ቅጥር ድረ ገጻችንን ዓይነ ስውር ብቻውን ሊጠቀምበት ይችል እንደሆን ልትሞክርልን ነው። እሷም ዓይነ ስውር ናት፤ በ2008 በአማርኛ ተመርቃ እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ አለ። የእኔ ፋንታ ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነበር። ዝም! ማን፣ እኔ?

ፕሮግራሙ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ እያለ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚጫኑት ቁልፎች ጋ ሲደርስ «በተን፣ በተን፣ በተን» ሆነ። የትኛው እንደሚመዘግብ፣ የትኛው እንደሚሰርዝ አይናገርም። ልጅቱን ላብ አጠመቃት። አንጀቴን በላችው። «እሱ ነው እቴ፣ ተጫኚው» አልኳት። ተጫነች፤ ተሳሳቅን። ይቺን ታህል ነገር ምን አላት ብዬ ለኃላፊዬ ለአቶ አድማሴ «ይሠራል» አልኳቸው። ሰኞ ምዝገባውን ከፈቱ።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሻረግ ደወለች።

«ስሜነሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ከጠዋት ጀምሮ እሞላለሁ፣ ይጠፋብኛል። ካንቺ ጋር ሠርቶልኝ ነበርኮ! እኔው ነኝ ደነዟ።»

ውይ፣ ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው! የሚሰርዘውን እየተጫነች መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ውጤቷን፣ አድራሻዋን በስልክ እየጠየቅሁ ራሴ ሞላሁላት።

«ተመዝግበሻል» አልኳት።

«እሰይ! እግዜር ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ምርቃቱን መቻል አቃተኝ። «አትመርቂኝ» አልኳት። «ደነዟስ እኔ ነኝ። ያን ቀን የሠራሁልሽ እኔ ነኝ እንጂ ገጹ አይደለም። እሱን ደብቄ ይሠራል ብዬ መሰከርኩ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጫግኒ ያለው ጓደኛዬ አየነውስ?» አለች ቀስ ብላ። «አብረን ነው የተመረቅነው፤ እሱም እንደኔው አያይም። ያንቺን ስልክ ደግሞ አያውቅም።»

«ቁጥሩን ስጪኝ፣ አሁኑኑ!» እያልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ምዝገባው ተዘግቷል።