ከአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ገና

ጠዳ ውስጥ አናጢውን አንዱዓለምን ስለ በር ብትጠይቁት ስለ በር ያወራችኋል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ወሬው አብዮት ላይ ያርፋል። ስለ ዝናብ ብትጠይቁትም ያው ነው። «ዘንድሮ ለአብዮት ማሳ ደህና ጥሎለታል» ይላል፣ ዝናብ ድንበር እያየ የሚጥል ይመስል።

አብዮት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው። ስሙ አብዮት ይባል እንጂ ከተወለደ ጀምሮ በኑሮው የተገለበጠ ነገር የለም፤ ሁሉም እንደተቀመጠ ቆይቶለታል። ከአንዱዓለም ጋር እኩያ ናቸው። ቁመታቸው፣ ጉልበታቸው፣ ሌላው ቀርቶ የጫማ ቁጥራቸው አንድ ነው። ስለዚህም በገና ጨዋታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አቻ ሆነው ኖረዋል።

አቻ መሆን እንዲሁ የሚገኝ ነገር አይደለም። በገና ዕለት ከቀትር በኋላ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ሁለት የቡድን አባቶች ይቆማሉ። ተጫዋቹ ከሚተካከለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት እየሆነ ፈንጠር ይልና የምሥጢር ስም ያወጣል። አንዱ ጥድ፣ ሌላው ግራር ይሆኑና ተመልሰው «ጥድ ትሻለህ ግራር?» ብለው አንዱን አባት ይጠይቃሉ። የተመረጠው ወደዚያ፣ የቀረው ወደዚህ። አቻህ ዕድሜ ልክህን ከፊት ለፊትህ ነው ማለት ነው። ማን ከማን እንደሚተካከል የሚወስኑት ደግሞ የሜዳው ዳኛ አያ ሰውአገኝ ናቸው። አንድ ሰው በጠዳ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ የፈለገ የአብዮት ወፍጮ ቤት ሄዶ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ በገና ቀን ከማን ጋር እንዳቆሙት ያያል።

ያለፉት ሦስት ዓመታት ለአንዱዓለም የመዓት ነበሩ። ያናደደው መሳቱ አይደለም፤ ሰው ይስታል። ያናደደው ሳይስት መሳቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ በቆልማማው ዱላው ልክ ወገቧ ላይ አገኛት፤ ለሁለት ተሰነጠቀች። ግማሿ መስመሩን አለፈች፣ ግማሿ ቀረች። አያ ሰውአገኝ ሁለቱንም አንስተው፣ ገጣጥመው አዩና «ግማሽ ሩር ሩር አይደለም» አሉ። በሁለተኛው ዓመት ሩሯ መስመሩ ላይ ልትደርስ ክንድ ሲቀራት ድንጋይ ነክታ ዘለለች፤ ጭድ ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ ላይ ወጥታ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። በሦስተኛው ዓመት ውሻ ይዟት ሮጠ። ውሻው የአብዮት ነበር።

አብዮት በእነዚያው ሦስት ዓመታት ሦስት አገባ። የመጀመሪያዋን ሲመታ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አቧራ ገብቶበት። ሁለተኛዋ ፋንታሁን የሚባል ተጫዋች ጀርባ ላይ ነጥራ ገባች። ሦስተኛዋን ለወገኑ ሊያቀብል ነበር፤ ወገኑ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል በራሱ ላይ አልፋ ገባች። አገሬው «እግዜር የሚመታለት» አለው። ያሸነፉትም እንደ ወጉ ተሸናፊውን በግጥም ጠዘጠዙት፦

እንጨት ያውቃል ብለን፣ አናጢ ብናመጣ፤
ሩሯን ሲስት ሲስት፣ ጨረቃዋ ወጣ።

ግጥሙን አንዱዓለም ይችለዋል። የማይችለው አብዮትን ነው። አብዮት በየዓመቱ ይመጣና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

በኅዳር ጽዮን ማግስት አያ ሰውአገኝ እግሯ የተነቀለ ዱካ ይዘው ወደ አንዱዓለም ሱቅ መጡ። ዱካዋ እስክትጠገን ሌላ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አንዱዓለም።»

«አቤት አያ።»

«ሦስት ዓመት ሞላህ።»

«ዕድል ነው አያ። እርስዎም አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ዕድልም ከጉልበት ይቆጠራል ይላሉ ሽማግሎች።»

«እርስዎም ሽማግሌ ነዎት እኮ።»

«ለዚህ ነው የምነግርህ» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ሰዉ ያጉረመርማል። ዘንድሮ ካላገባህ ለከርሞ ከአብዮት ጋር አላቆምህም። አቻህ ፋንታሁን ይሆናል።»

የአንዱዓለም መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

ፋንታሁን ሸጋ ሰው ነው። ለቅሶ አይቀርም፣ ሰርግ አይቀርም። በጠዳ የራሱን ቅልጥም በራሱ ዱላ የሚመታ ግን እሱ ብቻ ነው፤ ባለፈው ዓመትማ የመታው ጨዋታው ሳይጀመር ነበር።

«ምነው አያ፣ ፋንታሁን?»

«ምነው፣ ፋንታሁን ሰው አይደለም?» አሉና ዱካቸውን ወስደው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት የአንዱዓለም ልጅ ሃና ማራኪ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለእሑድ መጣች። አባቷ እህል አልወርድ ሲለው አይታ፣ ነገሩን ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ይችን እይ። ጎልፍ ይባላል።»

ስልኩ ውስጥ ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰው ትንሽዬ ኳስ በቀጭን ዱላ መታና ኩሬ ውስጥ ከተታት።

«ሊቀማው የሚመጣ የለም?» አለ አንዱዓለም።

«የለም።»

«ቅልጥሙን የሚለውስ?»

«ማንም አይነካውም። ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ ሲስት በማን ያሳብባል?»

«በማን ያሳብባል፣ በራሱ ነዋ የሚናደድ።»

አንዱዓለም ሰውዬውን በሐዘኔታ አየው። «ይኼማ ጨዋታ አይደለም፣ ንስሐ ነው።»

«መላ አላቸው እኮ። የሳተ ሰው አሥር እርምጃ እስኪሄድ እንዳሻው ይናደዳል። በአሥራ አንደኛው ይተወዋል። አንተም ሞክራት።»

አንዱዓለም አሰበ። የእሱ ንዴት ከሜዳው እስከ ቤቱ አብሮት ይሄዳል፤ ራት ይቀርባል፤ ጠዋትም ቀድሞት ይነሣል። አሥር እርምጃ ለእሱ ጫማ ማጥለቂያም አይሆነው።

መምቻ ዱላውም እንደ በዓሉ ገና ነው የሚባለው። አንዱዓለም በየዓመቱ ከአንድ የወይራ ቅርንጫፍ ሁለት ገና ይሠራል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለአቻው። እንጨቱ እኩል ካልሆነ ጨዋታው እኩል አይሆንም ያለው አባቱ ነበር። ዘንድሮም ቆረጠ፣ ላጠ፣ በእሳት እያሞቀ ቆለመመ። ሁለተኛውን ሲልጥ ግን ልክ አንገቱ ላይ፣ ዱላው በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንጓ አገኘ፤ ባቄላ የምታህል ጥቁር አንጓ። አናጢ እንዲህ ያለውን እንጨት ለአጥር ይተወዋል እንጂ ለገና አያደርገውም። አንዱዓለም አገላብጦ አየው። አስቀመጠው። መልሶ አነሣው። ቅቤ ቀባው፣ ጢስ አስመታው፤ አንጓዋ ጠፋች።

አብዮት ሊወስድ ሲመጣ እንደ ልማዱ ደስ እያለው ነበር። «ሸጋ ነው?» አለ ገናውን በእጁ እየመዘነ።

«ከአንድ ቅርንጫፍ ነው» አለ አንዱዓለም። አልዋሸም።

የገና ዕለት ሜዳው ሞላ። ሁለቱ አቻዎች ፈንጠር ብለው ስም አወጡ፣ ተመረጡ፣ ተለያዩ። ፋንታሁን ከአንዱዓለም ወገን ደረሰ፤ አንዱዓለም ይህንንም ከመጥፎ ዕድሉ ቆጠረው።

መጀመሪያ ሩሯ እግሩ ሥር መጥታ ቆመችለት። ሰነዘረ፤ ሣር አጨደ። «አንድ፣ ሁለት…» እያለ እየተናደደ መራመድ ጀመረ። ስድስት ላይ ሲደርስ ሩሯ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ነበረች፤ ሰባት ላይ የገዛ ወገኖቹ ይሰድቡት ጀመር። የሃና ሰውዬ ይህን ሁሉ እርምጃ የሚያገኘው የሚቀማው ስለሌለ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ሁለተኛ ሲሰነዝር ሩሯ ከፋንታሁን ጫማ ጋር ተጋጭታ ተመለሰች። በሦስተኛው አብዮት ሩሯን ሊል ቅልጥሙን አገኘው።

«ይቅርታ፣ አይዞህ» አለ አብዮት።

አንዱዓለም ጥርሱን ነከሰ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏል፤ በዚህች ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ቅልጥም ነው ያላቸው። የተቆጣ ሰው ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ስትወርድ ከሁለቱም ወገን ያገባ አልነበረም። ያን ጊዜ ሩሯ ተንከባልላ ከእነ አንዱዓለም መስመር ፊት፣ ከአብዮት ሁለት ክንድ ርቃ ቆመች። አብዮት ተስፈነጠረ፤ ገናውን ከትከሻው በላይ አነሣ፤ ሰነዘረ። ቀጭ አለ። ሩሯን አልነካትም። የገናው ጭንቅላት ተገንጥሎ ወደ ላይ ተወረወረ፣ አየር ላይ ሁለቴ ተገለባበጠ፣ ወረደና ሩሯን ከኋላዋ መታት። ሩሯ ሳትቸኩል ተንከባልላ በፋንታሁን ሁለት እግሮች መካከል መስመሩን አለፈች።

አንዱዓለም ቆሞ አየ። ሊጥልበት ያሰናዳው ወጥመድ እንኳ ለአብዮት አገባለት።

ጭቅጭቁ ተነሣ። «ገብታለች፣ ይቆጠር» አሉ እነዚያ። «በስባሪ የተመታ ሩር አይቆጠርም» አሉ እነዚህ። አያ ሰውአገኝ በበትራቸው መሬቱን መታ አድርገው ሰዉን ዝም አሰኙ። ሕጉን የማያውቅ የለም፦ ገናን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መሰንዘር ጥፋት ነው፤ አጥፍቶ ያገባው አይቆጠርለትም።

አብዮት ማንም ሳይጠይቀው ወደ ፊት ወጣ። «አያ፣ የአንዱዓለም እንጨት ተሰብሮ አያውቅም። እኔው ነኝ ያበዛሁት። አይቆጠርልኝ።»

በሁለቱም ወገን ያለው ሰው አጉተመተመ። «እንዲህ ነው ወንድ» አለ አንዱ። «የደግ ልጅ» አለ ሌላው።

አንዱዓለም ዝም ቢል ነገሩ ያለቀ ነበር። ሩሯ ትሻራለች፣ ፀሐይዋ ገና ክንድ ይቀራታል፣ እሱም አንድ ሁለቴ ይሞክራል። ግን አብዮትን አየው። በተሰበረ ዱላ፣ በተሳተ ምት፣ በገዛ ጥፋቱ መሐል ቆሞ ምስጋና ይቀበላል። የአንዱዓለምን እንጨት ሳይቀር አመስግኖለታል። ሩሯንስ እሺ፤ ውሻውንም እሺ። ደግነቱን ግን እንዲህ በነፃ ሊወስደው ነው? አንዱዓለም በሕይወቱ በብዙ ነገር ቀንቷል፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ቀንቶ አያውቅም።

«አንጓ ነበረበት» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ አያ ሰውአገኝ።

«እንጨቱ አንጓ ነበረበት። ስባሪውን ይዩት።»

አያ ሰውአገኝ ስባሪውን አስመጥተው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። አንጓዋ ለሁለት ተከፍላ ጥቁር ሆና ታየች።

«ስትሠራው አይተሃታል?»

«ላጥኩት እኮ አያ።»

«እያወቅህ ሰጠኸው?»

«እያወቅሁ።»

አብዮት በእጁ የቀረውን የገና እጀታ ጨብጦ ወደ አንዱዓለም አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲቆጣ ያየው ሰው አልነበረም።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ ፋንታሁን፣ ቅልጥሙን እያሸ።

አብዮት እጀታውን አወረደ። ፊቱ ግን አልወረደም።

አያ ሰውአገኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አብዮት፣ ሩሯን ነክተሃታል?»

«አልነካኋትም።»

«የነካት ምንድን ነው?»

«ስባሪው።»

«ስባሪውን የሠራው ማን ነው?»

«አንዱዓለም።»

«እንዲሰበር ያደረገውስ?»

አብዮት ወደ አንዱዓለም ዞረ። ሰዉ መለሰለት።

«እንግዲያ ሩሯን የመታት አንዱዓለም ነው» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ተቆጥሯል። ያገባው አንዱዓለም ነው።»

«አያ፣ በራሱ ወገን ላይ እኮ ነው!» አለ ፋንታሁን።

«ካላገባህ አልኩት እንጂ የት ካላገባህ አላልኩትም።»

እነ አብዮት አሸነፉ። ግጥሙም ወዲያው ተገኘ፦

አናጢው አገባ፣ ተውሶ የሰው እጅ፤
ሩሯን ዶላትና፣ በገዛ ራሱ ደጅ።

ሰዉ እየጨፈረ ሲያልፍ አብዮት በአንዱዓለም አጠገብ ቆመ። ያሸነፈው የእሱ ወገን ነበር፤ ፊቱ ግን የተሸናፊ ነበር። አራተኛዋን ሩር ወስደውበታል፣ ደግነቱንም አብረው።

«ዕድለኛ ነህ» አለው።

አንዱዓለም እጁን ዘርግቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ» አለ።

አብዮት ፊቱን አዙሮ ወደ መንገዱ ሄደ። አንዱዓለም ከኋላው እርምጃውን ይቆጥር ጀመር። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንድ። አብዮት አልተወውም። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ሥራዬ ብሎ ነው የተናደደው። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ዞር አለ።

«ለከርሞ ቅርንጫፉን የምቆርጠው እኔ ነኝ» አለ።

«ሸጋ» አለ አንዱዓለም። ከአብዮት ንግግር የሰማት አንዲት ቃል ነበረች፤ ለከርሞ የምትለዋን።