ማስተር ጂን ማን ይፈትን

ማስተር ሱርጃን ሲንግ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ፣ ከካናዳዋ ብራምፕተን ከተማ ሕዝብ ሁሉ መካከል «እንኳን ደስ አለዎት» ያለቻቸው ፈቃዱን በመስኮት ያቀበለቻቸው ጸሐፊ ብቻ ነበረች። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ምራታቸውም ሥራ ላይ ነበረች። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ምድር ቤት ባለችው ክፍላቸው ከማሞቂያው ጉርምርምታ በቀር ድምፅ አይሰማም። ባለቤታቸው ጃስቢር አገራቸው ሕንድ፣ ሞጋ ላይ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ያኔ ልጃቸው «ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ከእኛ ጋር ይኑሩ» አላቸውና ማስተማሩን ትተው መጡ። አሁን ከእነሱ ጋር ሆነው ብቻቸውን ናቸው።

ሾፌር የመሆን ሐሳብ የመጣላቸው በጉርድዋራው፣ በሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ነው። እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ምስርና ሮቲ ቂጣ ሲበላ፣ ሾፌሮቹ ስለ በረዶና ስለ መንገድ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲሰዳደቡ ይሰሟቸዋል። ሰው በአክብሮት «ማስተር ጂ» የሚላቸው ሱርጃን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከባድ መኪና ያለው ሰው አብሮት የሚያወራ አያጣም። ሌላው የሚያወጣው የሚያወርደው ስንት ነገር አለ፤ የእሳቸው ምክንያት ግን ይኸው ነው። አብሯቸው የሚያወራ ሰው ፈለጉ።

ፈቃድ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥር ማግኘት ግን ሌላ። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ልምድ የሌለውን አንቀጥርም ይላሉ፤ ሳይቀጠር ልምድ ከየት እንደሚያመጣ ግን አይናገሩም። ለሃያ ሦስት ቦታ አመልክተው ከሁለት ቦታ መልስ መጣ። አንደኛው ውድስቶክ የሚባል ከተማ ያለ ድርጅት ሲሆን «ሐሙስ ጠዋት ለፈተና ይቅረቡ» ይላል። ሁለተኛው መልስ የባልካር ነበር።

ባልካር ከዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት በፊት በመንደራቸው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ያስተማሩት ልጅ ነው። አሁን ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ አሥራ ስምንት ባለ ተሳቢ መኪኖችም አሉት። ረቡዕ ዕለት ከግቢው በር ሲገቡ፣ በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት ዝቅ ብሎ እግራቸውን ነካ።

«ማስተር ጂ! እኔ ጋ ለመሥራት ማመልከቻ? ወረቀቱን ሳየው አፍሬ ልሞት ነበር። መደወል ነበረብዎት እኮ።»

«ሕጉ እንደዚያ መስሎኝ ነው» አሉ። «ፈተናውስ መቼ ነው?»

«የምን ፈተና? እርስዎ እኔን ይፈትኑኛል እንጂ እኔ እርስዎን ልፈትን? መሬቱስ አይውጠኝም?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሻይ መጣ። ስኳር ስንት እንደሚወስዱ ተጠየቁ፤ ይህን የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ባልካር ሰኞ ወደ ካልጋሪ የሚወጣውን መኪና ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አኖረ። ናቸታር ከተባለ ሾፌር ጋር እየተፈራረቁ ይነዳሉ፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ይተኛል።

«የጎረቤት መንደር ሰው ነኝ ማስተር ጂ» አለ ናቸታር ወፍራም እጁን እየዘረጋ። «በእርስዎ አርጩሜ አላለፍኩም እንጂ ዝናዎን ሰምቻለሁ።»

«ስለ እሱ ማንኮራፋት ግን አልሰሙም» አለ አንዱ ሾፌር። «ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ አይታወቅዎትም።»

«አንተ ዝም በል! የአንተን ዘፈን ፈርተው አይደል ከአንተ ጋር የሚነዳ የጠፋው?»

ማስተር ጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንዲሉ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ነበር የወረዱት።

ሐሙስ ወደ ውድስቶክ የሄዱት እንግዲህ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው ብለው እንጂ ሥራውን ፈልገው አልነበረም። ዕድሜውን በቀጠሮ የኖረ ሰው ቀጠሮ አያፈርስም። ሎርን የተባለ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ፣ የቀዘቀዘ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ ጠበቃቸው። ስማቸውን ያለ ማስተር፣ ያለ ጂ፣ እንዲያው እርቃኑን ጠራው።

«ሱርጃን፣ መኪናውን ዙረህ ፈትሽና ያየኸውን ንገረኝ።»

ይኼማ የእሳቸው ሜዳ ነው! የብራምፕተን መንጃ ትምህርት ቤቶች ፍተሻውን ከፊት መብራት እስከ ኋላ ጭቃ መከላከያ በቃል ያስጠናሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲንተባተቡ ማስተር ጂ በሁለት ሳምንት እንደ ውሃ ጠጥተውታል። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ወንዝና ተራራ በአንድ ድምፅ ሲያስዘምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን እየዘረጉ ጀመሩ። መብራቱ ያልተሰነጠቀ፣ በደንብ የታሰረ። የአየር ቱቦው የማያፈስ፣ ያልተላጠ። ብሎኖቹ የጠበቁ፣ ዝገት የሌለባቸው። አንድ ቃል ሳይዘሉ ዙረው ጋቢና ገቡና ከመቀመጫው ሥር እያመለከቱ፣ «የእሳት ማጥፊያው በቦታው የታሰረ፣ የተሞላ» ብለው ደመደሙ።

«እስቲ አቀብለኝ» አለ ሎርን።

ማስተር ጂ እጃቸውን ሰደዱ። ማሰሪያው ባዶውን ነበር። ሎርን የእሳት ማጥፊያውን ከበሩ ውጭ መሬት ላይ አስቀምጦታል፤ ሲገቡ በላዩ ተራምደው ነው ያለፉት።

ሎርን አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላቸው ነበር። «ሦስት ነገር ነካክቼ ነበር» አለ። «የአንድ ጎማ ብሎን አላልቻለሁ፣ አንድ መብራት ፈትቻለሁ፣ ይኸኛው ሦስተኛው ነው። አንዱንም አላየህም። አነጋገርህ ግን ቆንጆ ነው። መምህር ነበርክ እንዴ?»

የማስተር ጂ ፊት ጋለ፤ ወረቀታቸውን አንስተው ለመውጣት ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ ሎርን። «ዛሬ ሥራ የለህም። ሰኞ ከሰዓት ግን ሻንጣህን ይዘህ ከመጣህ ስድስት ሳምንት እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ስትሳሳት እነግርሃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ነው የምነግርህ፣ ትጠላኛለህ። ከዚያ በኋላ ብቻህን ትነዳለህ። እዚህ ከተማ ያንተን ቋንቋ የሚናገር ሰው የለም፤ ይኼንንም አስበህበት ና።»

አርብንና ቅዳሜን ተናደዱ። ለሦስት መቶ ልጆች ማርክ የሰጠ ሰው፣ ኩባያ በያዘ ሽማግሌ እንዲህ ይዋረድ? እሑድ ግን ንዴቱ በረደና ከሥሩ ፍርሃት ብቅ አለ። አርባ ቶን የሚጎትት መኪና ዙረው አንድም ነገር አላዩም። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ አፋቸው ስለቀደመው ግን አላየም። ከኋላ የሚተኛው ናቸታር ትዝ አላቸው። ከወዲያኛው አቅጣጫ ልጆቿን ጭና የምትመጣ አንዲት ሴትም ታሰበቻቸው፤ ማን እንደሆነች አያውቋትም።

ይህን የሚያወሩት ሰው አልነበረም። ራት ላይ ልጃቸው «ሥራ አገኙ?» አላቸው። «ሁለት» ሲሉት «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩን ወደማየት ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ባልካር ግቢ ደረሱ። መኪናው ተጭኖ ቆሟል፤ ናቸታር ውስጥ ገብቶ ፍራሹን ያነጥፋል። ማስተር ጂ ልባቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ይልቁን ግባና ሂድ፣ ሻዩም ሳቁም እዚህ ነው ይላቸዋል።

«ባልካር፣ ከመሄዴ በፊት ፈትነኝ።»

«ኧረ ማስተር ጂ፣ በጠዋቱ አያሹፉብኝ።»

«አላሾፍኩም። እኔ እዞራለሁ፣ አንተ ተከተለኝ። ስህተት ካየህ ተናገር። አስተማሪህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ።»

ባልካር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተከተላቸው። ማስተር ጂ በዚህ ጊዜ ቃሉን ወደ ኋላ አቆዩትና ዓይናቸውን አስቀደሙ፤ በእያንዳንዱ ነገር ፊት ቆም እያሉ አዩ። በተሳቢው ግራ በኩል፣ በመጨረሻው ጎማ ላይ፣ ጣት የሚያህል ቁርጥ ነበር። ከውስጡ ሽቦው ያብለጨልጫል። አይተዋል! ሊናገሩ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። መዳፋቸውን ቁርጡ አጠገብ አሳረፉና የባልካርን ፊት እያዩ፣ «ጎማው ያልተቆረጠ፣ ያላበጠ፣ ጥርሱ የተሟላ» አሉ።

የባልካር ዓይን ጎማው ላይ ወደቀ። እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ።

«ፍጹም ነው ማስተር ጂ» አለ። «እንከን አይወጣለትም።»

«አላየኸውም?»

ባልካር ዓይኑን ከአጥሩ አላነሣም።

«አይተኸዋል።»

«ሻይ ሲጠጡ በጓሮ መካኒኩን ልኬ ላስቀይረው አስቤ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«መንገድ ላይስ? ነገ እዚያ በረዶ ውስጥ ማንን ልትልክልኝ ነው?»

«መምህሬ ነዎት፤ ምን ልበል? ተሳስተዋል ልበል?» ባልካር ሳቅ ለማለት ሞከረ። «አንድ ጊዜ ብያለሁ እኮ። አያስታውሱትም?»

ማስተር ጂ አላስታወሱም።

«አምስተኛ ክፍል። ሰሌዳው ላይ የአገራችንን የአምስቱን ወንዞች ካርታ ሣሉና ሳትሌጅና ቼናብን አለዋወጧቸው። እጄን አወጣሁና ነገርኩዎት። ከዚያማ ዶሮ አስሆኑኝ፤ ጎንበስ ብዬ፣ እጄን በጉልበቴ ሥር አሳልፌ፣ ጆሮዬን ይዤ፣ እስከ ደወል ድረስ። እኔ አጎንብሼ፣ ክፍሉ እየዘመረ።» በደግ ፊት ነበር የሚያወራው፤ ቂም የለውም። «ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ተገላብጦ ዘመርነው። እስካሁንም ስቸኩል የሚመጣልኝ እሱ ነው።»

ማስተር ጂ የሚይዙት ነገር ፈለጉና የተሳቢውን ጠርዝ ያዙ። ልጁን ሊያስታውሱት ሞከሩ። ብዙ ጎንበስ ያሉ ልጆች ታዩአቸው፤ ፊታቸው ወደ መሬት ስለሆነ ግን የትኛው ባልካር እንደሆነ ሊለዩት አልቻሉም። አለመታወሱ ከቅጣቱ ይልቅ አሳፈራቸው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጁ ላይ መለሱለትና ውድስቶክ ሊሠሩ እንደሚሄዱ ነገሩት።

«አጠፋሁ እንዴ ማስተር ጂ?»

«አንተ አላጠፋህም። እንዲህ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«እዚያ ፈረንጅ አገር መሀል ማን ያነጋግርዎታል?»

«ማንም» አሉ። «ግን ስሳሳት የሚነግረኝ አንድ ሰው አለ።»

ናቸታር በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ማስተር ጂ፣ ሻንጣዎን ላንሣልዎት?» አለ። ራሳቸው አንሥተው ወጡ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ነፋሱ ጥምጥማቸው ሥር እየገባ ጆሯቸውን ያንገበግባል። ለልጃቸው ሊደውሉ አሰቡና ሥራ ላይ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ስልኩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ስድስት ሳምንት ከሎርን ጋር፤ ከዚያ ስንት ዓመት ብቻቸውን? በጠዋቱ ግቢ ውስጥ ሳይጠጡት የቀሩት ሻይ በዓይናቸው ላይ ዞረ። አለቀሱ፤ የሚያያቸው ሰው ስለሌለም አልጠረጉትም።

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ስልካቸው ጠራ። ባልካር ነበር። ትንፋሹ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይወጣም።

«ባልካር? ተናገር።»

«ማስተር ጂ…» ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል። «ጎማው ተቆርጧል። ሽቦው ይታያል። ያልተቆረጠ ነው አሉ፤ ተሳስተዋል።»

አውቶቡሱ መጥቶ ፊታቸው ቆመ፤ በሩም ተከፈተ። ማስተር ጂ ሻንጣውን እንደያዙ፣ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ።

«ጎበዝ» አሉ። «ተቀመጥ።»