ጨጓራ ነው ብለን ቀበርናት

1.

በቤተሰብዎ የጡት ካንሰር የታመመ ሰው አለ?

☐ አለ   ☒ የለም

2.

ይህን የሐኪም ቤት ቅጽ የሞላችው እታፈራሁ ናት፤ ሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ። ዋሽታ እንዳይመስላችሁ። እናቷ በጨጓራ እንደሞተች ነው ከልጅነቷ ጀምሮ የተነገራት።

3.

የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ያየችው፦

በስብሰባ መሐል በላብ መጠመቅ።

እንቅልፍ ማጣት።

ባለጉዳይ ላይ መጮህ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ማልቀስ።

ሐኪሙ ሆርሞን አዘዘላት። በወሯ ሰው ሆነች። ደስታ ለብቻ አይጥምምና ታናሽ እህቷን ስንዱንም ወትውታ አስጀመረቻት። «ቅጹን "የለም" እያልሽ ሙዪው፤ ጣጣ የለውም» አለቻት።

4.

በዓመቱ፣ አክስታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ቤት።

ዘርፌ፦ ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?

እታፈራሁ፦ መድኃኒት ነው አክስቴ። የጡት ካንሰር በዘሩ ለሌለበት ደግ ነው አሉኝ።

ዘርፌ፦ (ስኒዋን አስቀምጣ ታያታለች)

እታፈራሁ፦ ምነው?

ዘርፌ፦ እናትሽን ጨጓራ አይደለም የገደላት። ጡቷ ነው።

እታፈራሁ፦ ምን?

ዘርፌ፦ ሁለት ሴት ልጅ ትታ ሄደች። ሽማግሌ ሲመጣ ዘራቸው ምን ይታመማል ብሎ ይጠይቃል። ማን ያገባችሁ ነበር? ጨጓራ ነው ብለን ቀበርናት።

እታፈራሁ፦ አሁንማ ተዳርን፣ ወለድን!

ዘርፌ፦ የስንዱ ልጅስ? ሠርጓ ለጥር አይደል? በይ፣ ላትናገሪ ማይልኝ።

5.

ማለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ሰዉ፤ ይደብቃልም። እኔ ታሪኩን የማወራው ግን በእታፈራሁ ተናድጃለሁ።

6.

ለሐኪም መናገር መሐላ ማፍረስ አይደለም ብላ ራሷን አሳመነችና ሄደች።

«መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፤ ስንቷን ሴት አሳርፏል» አላት ሐኪሙ። «እኔ ግን የምመዝነው የነገሩኝን ብቻ ነው። ለጊዜው ያቁሙና ይመርመሩ። እህትዎም ዛሬውኑ ይወቁ።»

እሷ ላይ ምንም አልተገኘም። ላቡ ተመለሰ፣ እንቅልፉ ሄደ።

7.

ለእህትሽ እንዴት እንደምትነግሪ፦

ስልኩን አንሺ።

ደውዪ።

ስለ ሠርጉ ካነሳች አታስጨርሻት።

ንገሪያት።

አሥራ አንድ ቀን ደወለች። አሥራ አንዱንም ቀን ስለ ድንኳንና ስለ ሚዜ አውርታ ዘጋች።

8.

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስንዱ ራሷ ደወለች።

ስንዱ፦ እታለም፣ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የምታህል ነገር አለች።

እታፈራሁ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ስንዱ፦ ወር ሊሆናት ነው። አታመኝም። ሠርጉ ይለፍና እታያለሁ ብዬ ነው። ደግሞ በዘራችን የለም። አይደል?

እታፈራሁ፦
 

ስንዱ፦ እታለም? የለም አይደል?

እታፈራሁ፦ ☐ አለ   ☐ የለም