ሩብ ዙር

ጋሽ ቫልቭ ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የአሲድ መክፈቻ ሲጠብቅ ስለኖረ ብቻ አይደለም። ፓምፕ ሠራተኛው እንደሚለው አፉም እንደ ቫልቩ ነው፤ ካልጠመዘዙት አይከፈትም፣ ሲከፈትም የሚወጣው ጠብታ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ድንጋዩ በድማሚት ይሰባበርና በሰፋፊ ክፍሎች ውስጥ እንደተከመረ ይቀራል። ማንም ተሸክሞ አያወጣውም። ከክምሩ በላይ በተዘረጉ ቱቦዎች አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ያለማቋረጥ ይንጠባጠብበታል። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል እየተሹለከለከ ይወርዳል፤ መዳቡን ያሟሟል፤ ከታች ባለው ዋሻ ሰማያዊ ሆኖ በቦይ ይፈሳል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መዳቡ የሚለየው ላይ ነው። ስንት አሲድ ከስንት ውሃ ጋር እንደሚወርድ ልኩን የምትነግር ኬሚስቷ ናት። መክፈቻውን የሚያዞረው ግን የጋሽ ቫልቭ እጅ ነው።

ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታችኛው ዋሻ ይወርዳል። በአሸዋ የታሸ ሚስማር ቦዩ ውስጥ ነክሮ እስከ መቶ ይቆጥራል። ውሃው መዳብ ካለው ሚስማሩ ቀይ ለብሶ ይወጣል። ላቦራቶሪ ሳይኖር የድሮ ሠራተኞች የሚያውቁት በዚህ ነበር። ኬሚስቷ የተሻለ መሣሪያ አላት፤ በሚስማሩ ግን ስቃ አታውቅም። እሱም ሚስማሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤት ይወስደዋል። የሚወስደው ለእህቱ ነው።

እህቱ ታላቁ ናት። ዓይኗ ከጠፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሱም አላገባም፣ እሷም ባሏ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው የላትም፤ ሁለቱ በኩባንያው ቤት አብረው ይኖራሉ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው አሥራ ዘጠኝ፣ ከቧንቧው እስከ ጎረቤት አጥር አርባ አንድ። ደጃፉ ላይ የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ በእግሯ ጣት ታውቀዋለች። ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ትቀቅላለች፣ አጥር ተደግፋ ጎረቤቷን ታማለች። እዚያ ቤት ውስጥ ዕውር አይደለችም። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወስዷት ወረቀት ሊያስጽፍ ዞር ቢል፣ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ እንደ ሕፃን ስታለቅስ አገኛት። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም።

ቤቱ የሥራው ነው። ሥራ ያቆመ ሰው በወሩ ይለቃል።

ከመሬት በታች ካሉት የድንጋይ ክፍሎች አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አልቀው አራተኛው ብቻ ሲቀር ከላይ ትእዛዝ መጣ። አራተኛው በሦስት ወር ውስጥ መዳብ ካልሰጠ የማዕድን ጉድጓዱ ይዘጋል ተባለ። የዚያን ዕለት ኬሚስቷ ሠራተኞቹን ሰብስባ አንድ ድንጋይ አሳየች። በአረንጓዴው መሃል ነጭ ሥር ይሄድበታል። ነጩ ኖራ ነው አለች። አሲዱ መዳቡ ጋ ሳይደርስ ኖራውን ይበላል፤ የተበላው ኖራ ደግሞ ጀሶ ይሆናል። አሲዱ ከወፈረ ጀሶው ባንዴ ይፈላና የውሃውን መንገድ ይደፍነዋል። አሲዱ ቀጥኖ ውሃው ከበዛ ግን ጀሶውን ሳይከማች ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ቢሏት ስድስት ወር አለች።

ፓምፕ ሠራተኛው የሰጡን እኮ ሦስት ነው አላት።

«ለድንጋዩ ንገረው» አለችው።

አለቃው ነገሩን ለማለዘብ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ተረተ። ፓምፕ ሠራተኛው እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኛ ጓዛችንን ይዘን ሄደናል ሲል ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ቫልቭ አልሳቀም። የእህቱን እርምጃ እየቆጠረ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ከታች የሚወጣው ውሃ እንደ ዝናብ ውሃ ጥርት ያለ ሆነ። ሚስማሩ እንደገባ ይወጣል። እህቱ በጣቷ ታሸዋለች፣ ጣቷን ታሸታለች፣ ምንም የለውም፣ ግን ይመጣል ትላለች። ማልዶ ከላይኛው ዋሻ ጆሮውን ወደ ክምሩ ሲያስጠጋ ድንጋዩ እንደ ጋለ መጥበሻ ይንሿሿል። ኖራው አሲዱን እየጠጣው ነው።

ኬሚስቷ ያለችውን ሰምቷል፤ ገብቶታልም። ግን የሰማው ጆሮው ነው። እጁ የሠላሳ አንድ ዓመት የራሱ ትምህርት አለው። በሦስቱ ክፍሎች ሁሉ አሲድ ሲጨመር መዳብ ይጨመር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮት አያውቅም። እነዚያ ነጭ ሥር አልነበራቸውም። ይህንንም ያውቃል። በአርባኛው ቀን እጁን መክፈቻው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሩብ ዙር ጨመረ። ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ሚስማሩ ቅላት ይዞ ወጣ። ለእህቱ ሲሰጣት አሸችው፤ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፤ ሳቀች።

«መጣ» አለች። «አልነገርኩህም? ዛሬ ለብሷል።»

ያን ዕለት ወዲያው ተነሥታ ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ እያጠበችም ታንጎራጉር ነበር። በማግሥቱ ሩብ ዙር ጨመረ። ሚስማሩ ወፈረ፣ እሷም ወፈረ አለች። ሦስተኛ ጨመረ። እያንዳንዱን ሚስማር በአንድ የቆርቆሮ ጣሳ ታስቀምጥ ነበርና ጣሳውን እያንኳኳች ጎረቤቷን በአጥር ጠርታ አሰማቻት። አራተኛ ጨመረ። ኬሚስቷ ወረቀቷን አይታ ድንጋዩ ከጠበቅሁት ይሻላል አለች። ፓምፕ ሠራተኛው እንቁላሉ ሮጠ እያለ ዋሻ ለዋሻ ይዞር ጀመር።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን ቦዩ ጎደለ። ፓምፑ አየር እየሳበ ያስላል ተባለ። በሳምንቱ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። ከላይ ግን የሚንጠባጠበው መውረድ አቅቶት ክምሩ አናት ላይ እንደ ኩሬ ተኛ። ጋሽ ቫልቭ መክፈቻውን አራቱንም ሩብ መልሶ አጠበበ። ኩሬው አልወረደም። ከታች ያለው ቦይ ደረቀ።

ኬሚስቷ ጓንቷን አጥልቃ ከኩሬው ዳር ድንጋይ እየጎተተች በመዶሻ ትሰብር ጀመር። በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ በነጭ ተሞልቷል። ጋሽ ቫልቭ ማንም ሳይነግረው አወቀው። በወጣትነቱ ድንጋይ ወድቆበት እግሩ ሲሰበር ሐኪሙ ያንን ነጭ ነገር አርሶ ጠመጠመለት፤ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ አለት ሆነ። አርባ ቀን እግሩ የሌላ ሰው እግር መስሎት ተኛ። ያ ግን በመጋዝ ተቆርጦ ወለቀ።

አሥር ቀን ንጹሕ ውሃ ለቀቁበት። ውሃው ተኛ። ኬሚስቷ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ እናውጣለት ብላ ወደ ላይ ጻፈች። ለሚዘጋ ጉድጓድ መሰርሰሪያ አይላክም የሚል መልስ መጣ። ደብዳቤውን የተቀበለች ቀን ረፋዱ ላይ መክፈቻው ጋ መጥታ ቱቦ ላይ ተቀመጠች። ሄልሜቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ስሌቴ ነው የተሳሳተው» አለች። «ኖራውን አሳንሼ ገምቼዋለሁ። የስንቱን ቤት ዘጋሁ።»

ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። እሱ ደግሞ ዝምታ አይቸግረውም። እጁን መክፈቻው ላይ እንዳሳረፈ ተናገረ።

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። ከልክሽ በላይ ከፍቻለሁ። አራት ጊዜ፣ ሩብ ሩብ ዙር።»

ቀና ብላ አየችው። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ።

«የአሲዱን ታንከር መጠን የሚያሳየው ጌጅ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ አይቻለሁ» አለች። «ጌጁ ተበላሽቷል ብዬ መዘገብኩ። አባባ፣ እርስዎን ከምጠረጥር ብረቱን መጠርጠር ቀለለኝ።»

ይህ ከጩኸት ከበደው። ባልነካው ይሰጥ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

«በስድስት ወር ምናልባት። በሦስት ወር አይሰጥም ነበር።»

«እንዲያም ቢሆን የእኔን ጥፋት ጻፊው።»

«ብጽፈው የተደፈነውን ማን ይከፍተዋል?» አለች። ሄልሜቷን አድርጋ ሄደች።

ወደ ታችኛው ዋሻ ወረደ። ቦዩ ጥግ ላይ እፍኝ የማይሞላ ውሃ ቀርቶ ነበር። ሚስማሩን ነክሮ እስከ መቶ ቆጠረ፤ ደግሞ እስከ ሁለት መቶ ቆጠረ። በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ገና እኩለ ቀን አልሆነም። እህቱ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ጠጠሩን በጣቷ እየለየች ትጥላለች። የእግሩን ኮቴ ያለ ሰዓቱ ስትሰማ እጇ ቆመ። እጇን ዘረጋች። ሚስማሩን ሰጣት። አሸችው። ማሽተት አላስፈለጋትም።

«ይሄማ ሚስማር ነው» አለች።

አጠገቧ ቁጭ አለ። ድንጋዩ እንደተደፈነ፣ ጉድጓዱ እንደሚዘጋ፣ ቤቱን በወር ውስጥ እንደሚለቁ ነገራት። አሲዱን ያበዛው እሱ እንደሆነም ነገራት። እንዲህ ብዙ ቃል ባንዴ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ምስሩን ከሰፌዱ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ገፋች፣ መልሳ ገፋች።

«ስንቴ ነው የጨመርከው?»

ምን እየጠየቀችው እንደሆነ ገባው፤ የእኔ ደስታ ነው ወይ ያስጨመረህ ማለቷ ነው። ሚስማሩን እያሸች የሳቀችበት ቀን፣ ጣሳው የተንኳኳበት ቀን ዓይኑ ላይ መጡበት።

«አንዴ ነው፣ እትዬ» አለ። «ገና ሚስማሩ ሳይቀላ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። አምናው ይሁን አይሁን አላወቀም።

«የምንሄድበት ቤት በሩ በየት በኩል ነው?»

«አላውቅም።»

«ቧንቧውስ ግቢ ውስጥ ነው?»

«እትዬ፣ ገና ቤት አልፈለግሁም። አላውቅም።»

ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሣች። ይዟት ሊነሣ ሲል በእጇ ተው አለችው። በእግሯ ጣት የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ ፈልጋ አገኘች፤ ከዚያ ወደ ቧንቧው ጀመረች። ከዚህ በፊት ድምፅ አውጥታ ቆጥራ አታውቅም፤ አሁን ግን አንድ፣ ሁለት እያለች ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ስትል እጇ ቧንቧው ላይ አረፈ። አልከፈተችውም። ዞራ ወደ በሩ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ። ከበሩ እንደገና ዞረች።

እሱ ሰፌዱን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገና ጠጠር መልቀም ጀመረ።