ሰርክ

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአርበኞች ደብዳቤ ተያዘ። «ሰርክ ገሳይ ወንዙ ዳር ነን» ይላል፤ ገሳይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቦታ ነው። ለጣሊያኑ መኮንን የሚያስተረጉመው ባለሱቁ ኢብራሂም «ሰርክ» የሚለው ቃል ስላጠራጠረው መሪጌታ ጥሩነህ ተጠርተው መጡ።

በግዕዝ ሰርክ ማለት ጀንበር ጠልቃ ገና ሳይጨልም ያለው ሰዓት መሆኑን መሪጌታ ያውቃሉ።

«ዘወትር ማለት ነው» አሉ።

መኮንኑም ሁልጊዜ እዚያ ከሆኑ ነገ ይደረስባቸዋል ብሎ ጦሩን አሳደረ። በማግስቱ ወታደሮቹ ወንዙ ዳር ያገኙት አመድ ብቻ ነበር፤ አርበኞቹ በዋዜማው ምሽት ተገናኝተው ሄደዋል።

ኢብራሂም መሪጌታን መንገድ ላይ አገኛቸው።

«መሪጌታ፣ ዋሽተውኝ ነው?»

«አልዋሸሁም ልጄ። የሰርክ ጸሎት በየቀኑ ማታ ማታ ስለሚደርስ ሰው ቃሉን ለዘወትርም አደረገው። ሁለቱም ትርጉሙ ነው።»

ኢብራሂም ትንሽ አሰበና «እኔም የተረጎምኩት የነገሩኝን ነው» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።