አንዱም አልያዛትም

«ሳልስቱ ሳይደርስ ይቃጠል» አሉ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው። «ያ ደብተር በዚህ ቤት ማደር የለበትም።»

ለተ ማርያም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ደብተሩ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ነው። አባቷ ትላንት ተቀብሮ፣ ለቀስተኛው እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲላት፣ እሷ የምታስበው የሞተውን አባቷን ሳይሆን የተቀመጠችበትን ደብተር ነበር። ይህን በማድረጓም አፍራለች።

ደብተሩን ያገኙት አጎቷ ቄሱ ናቸው። ወንድማቸውን መሪጌታ ህሩይን ሊገንዙ ቀና ሲያደርጓቸው ከትራሱ ሥር ወደቀ። የሰው ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከስሙ ሥር በጥቁር አጭር አጭር ቃል። ቄሱ ሁለት ገጽ አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ። ለተም ከእጃቸው ነጥቃ አነበበች።

«እስከዳር፦ የመጀመሪያው አስለቀሳት። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። ይጨመርላት።»

«ክንዱ፦ አልያዘውም። ጠንከር ያለ ይሞከር።»

«ባዬ ዘኮሶዬ፦ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሣው።»

መሪጌታ የሆነ ሰው መቼም ከሐሜት አያመልጥም። ዜማ ያወቀ ሁሉ ድግምትም ያውቃል ይባላል። ለተ እንዲህ ያለውን ወሬ ስቃ ነበር የምታልፈው። አባቷ ጉንዳን ረግጦ የሚጸጸት ሰው ነው፤ ማንን ሊደግምበት? ይህን ስትል ግን የመጨረሻውን ገጽ ገና አላየችም ነበር።

«ልጄ ለተ ማርያም፦ ሰባት ሞከርሁ። አንዱም አልያዛትም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስትቆጥር ነው የዋለችው። ከአራት ዓመት በፊት የወለደቻት ልጅ በዘጠኝ ቀኗ ሞተችባት፤ አንድ። ባሏ ዓመት ሳይሞላ ጥሏት ሄደ፤ ሁለት። ከዚያ ወዲህ አባቷ ግቢ ካለችው ትርፍ ክፍል ገብታ፣ ሳትስቅ፣ ከሰው ሳትቀላቀል ኖረች፤ ሦስት። ሰባት አልሞላላትም። ያልያዘኝ እንዲህ ካደረገኝ ቢይዘኝማ ምን ልሆን ኖሯል፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ፣ አባቴን እንዴት እንዲህ አስባለሁ ብላ አለቀሰች። ሰዎቹም ጥሩ አለቀሰች አሉ።

ጎረቤቷ እስከዳር ንፍሮ ይዛ ስትዞር አጠገቧ ስትደርስ ለተ ነጠላዋን ያዝ አደረገችባት።

«እስከዳር፣ አባዬ የሰጠሽ ነገር ነበር?»

እስከዳር ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?» አለችና ወደ ቄሱ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ኋላ እነግርሻለሁ። እሳቸው ይሰማሉ።»

ለተ ከዚህ በኋላ ምን ትጠብቅ? ደብተሩን አውጥታ ለአጎቷ ልትሰጥ እጇን ከፍራሹ ሥር ሰደደች። እሳቱ እስኪበላው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አባቷን እንደ ሰው ልጅ ታለቅሰዋለች።

ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ከድንኳኑ ደጅ እየጮኹ ገቡ። ከልባቸው አለቀሱ። ሲበርድላቸው መጥተው ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጡ።

«ባዬ እባላለሁ፣ ከኮሶዬ ነኝ» አሏት። «ልጄ፣ ቀኑ አይደለም፤ ግን መሪጌታ የሚቀጥለውን ሊሰጠኝ ቀጥሮኝ ነበር። ምንም አልተወልኝም?»

የለተ እጅ ደብተሩ ላይ ቀረ። «የሚቀጥለውን ምን? አያ ባዬ፣ አባቴ ምን አደረገዎት?»

«እንቅልፍ ነሣኝ እንጂ ምን ያደርገኛል። ሦስት ሌሊት። ሚስቴ ባትሪውን እስክትቀማኝ ድረስ።» ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ ውስጥ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ወጣ።

ለተ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተቀበለችው፤ በባዶ እጇ መንካት ፈርታለች። ገለጥ አደረገችው። ቀይም የለበት፣ ግዕዝም የለበት። አንዲት ሴት አህያ ጠፍቶባት ከጣቢያ አዛዥ ጋር ትጨቃጨቃለች።

«ልብወለድ ነው?»

«ታዲያ ምን መሰለሽ? ሠላሳ አንድ አንብቤያለሁ። አባትሽ ፒያሳ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እየገዛ በሚኒባስ ይልክልኛል። ለሁሉም የሚስማማውን መርጦ ነው። ስንመልስለት፣ ያዘህ ወይ? ይላል። ካልያዘን ሌላ ይፈልጋል።»

«ምነው ታዲያ ተደበቃችሁ?»

አያ ባዬ በአገጫቸው ወደ ቄሱ አመለከቱ። «መሪጌታ የፍቅር መጽሐፍ ያድላል ቢባል ከማኅሌት አያባርሩትም ነበር?»

ያዘህ ወይ። ለተ ቃሉን ደጋግማ አለችው። እንግዲያ ሰባቱስ?

ትዝ አላት፦ አባቷ ከማኅሌት መልስ ወደ ክፍሏ ጎራ ይላል። ከዱካው፣ ከአጭሯ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ብዙ አይናገርም፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ዱካው ላይ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ይቀራል። የዜማ መጽሐፉ ነው ብላ፣ ሳትገልጠው፣ ተከትላው እስከ ግቢው በር ትሮጣለች።

«አባዬ፣ ረስተህ ሄድህ።»

መጽሐፉን ያየዋል፣ እሷንም ያያታል። «አዬ፣ መርሳት» ይልና ብብቱ ሥር ይከተዋል። በሳምንቱ፣ በወሩ ደግሞ ይረሳል። አባቴ አረጀ ብላ አዝና ነበር። ሰባት ጊዜ መለሰችለት።

«ይኼኛው ያንቺ ነው» አሉ አያ ባዬ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ከሁሉ ያሳቀህ የቱ ነው አለኝ፤ ይኼ ነው አልሁት። እንግዲያ መልስልኝ፣ ለልጄ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ልድገመው ብዬ ሦስት ሳምንት አዘገየሁበት። ሳላደርስለት ሄደ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ለተ ልታጽናናቸው ጠጋ አለች። ክንዳቸውን ያዘች።

ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊቷ ቆሙ። «ምን ወሰንሽ? ደብተሩስ?»

«አይቃጠልም፣ አባ። የወንድምዎ ኃጢአት አይደለም። ምን እንዳስለቀሳት እስከዳር ታስረዳዎታለች።»

እስከዳር ንፍሮውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ቄሱ ግራ ገብቷቸው ለተ ጭን ላይ የተቀመጠውን አዩ። «ይኼ ደግሞ የምን መጽሐፍ ነው?»

«አባዬ ረስቶት ሄዶ ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እግሯ እንደ ልማዱ ተነሣ። መጽሐፉን ይዛ ወደ ግቢው በር ሁለት እርምጃ ሄደች። እዚያው ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።