የአየለች ሁለት የፊት ጥርሶች

እና ይነቀሉ ብላ መጥታ ደግሞ ምን ያስፈራታል፣ ሦስቱ የመንጋጋ ጥርሶች ሲነቀሉ ማን አለቀሰላቸው፣ ያመመው ይነቀላል፣ ርካሹም እሱ ነው፣ በቃ። ግን እነዚህ የፊት ናቸው። ሁለት። አየለች ካዛንቺስ ባለችው ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተጋድማ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ኮርኒሱን ታያለች።

ከኦሎምፒያ በታክሲ ሲመጡ ሔለን መንገዱን ሙሉ አላረፈችም፣ ትልቋ ልጇ፣ ደምበል አካባቢ ቢሮ የምትሠራው፣ እማዬ ይነቀሉና ሰው ሠራሽ እናስገባልሻለን፣ መቼ? ስንቆጥብ። ስንቆጥብ! የወንዱ ልጇ የዳግም ሠርግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፣ የሙሽራው እናት የፊት ጥርስ ሳይኖራት እልል ልትል ነው ወይስ ልታፏጭ፣ ወይ ጉድ።

ማዘር፣ እነዚህ እኮ መነቀል የለባቸውም። ሪሐና ናት፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ከጭንብሉ በላይ ዓይኗ ብቻ የሚታየው፣ የልጅ ልጅ የምታህል። ሥሮቻቸው ደህና ናቸው፣ የተበላው ድዱ አጠገብ ነው፣ የምንቀባው መድኃኒት አለ፣ የብር ማዕድን ያለበት ፈሳሽ፣ መበስበሱን አብዛኛውን ጊዜ ያቆመዋል፣ መርፌ የለውም፣ መሰርሰሪያ የለውም፣ ዋጋውም ከማስነቀያው ብዙ አይበልጥም። አየለች አአ ትላለች፣ በተከፈተ አፍ ሌላ ምን ይባላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ያን ጊዜ ለነዚያ ሦስቱ ማን ነገረኝ? አንድ ነገር ግን ልንገርዎት ማዘር፣ የተበላው ቦታ ይጠቁራል፣ አይለቅም።

ይጠቁራል? ሔለን ከበሩ አጠገብ ትጮኻለች። ኖ ኖ፣ ዶክተር፣ ማለቴ፣ የፊት ጥርስ እኮ ነው፣ የሠርግ ፎቶ አለ፣ ሰው ምን ይላል፣ እማዬ ይነቀሉ በቃ።

ሰው ምን ይላል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ማይጨው፣ አክስቷ ጭኗ ላይ አስተኝታ ድዷን ልትነቅሳት በእሾህ እየወጋች ጥላሸት ስትሞላበት፣ ሁለት ሴቶች እግሯን ይዘው፣ ደም እየተፋች፣ አይዞሽ ታምሪያለሽ፣ እውነትም አማረች፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ሃድጉ፣ ለገሃር የባቡር ትኬት ሲቆርጥ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ጊዜ ስትስቅ አይቶ ትኬቱን መስጠት ረሳ፣ ከኋላ ሰልፈኛው እየተሳደበ እሱ ደግመሽ ሳቂ ይላታል። ያን ጊዜ በደም የተገዛ ጥቁረት ነው፣ ይኼ እኮ ቅብ ነው! ግን ጥቁር ድድ ሌላ፣ ጥቁር ጥርስ ሌላ፣ ራሷን አታታልልም፣ ይከፋታል፣ አዎ ይከፋታል። ፎቶው ላይም ይታያል። ይታይ። ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር እየዘለለች፣ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረች፣ ሁለት ዓመት። የሌለ ጥርስ ነው የሚያሳፍር፣ ጥቁርም ቢሆን የራሴ ነው።

ቀቢኝ ልጄ።

እማዬ!

አንቺ ዝም በይ፣ አፉ የኔ ነው።

ሪሐና ከጭንብሉ ስር ትስቃለች፣ በዓይኗ ይታወቃል። ጥጥ። ድዷ ላይ ቫዝሊን፣ ከንፈሯ ላይም። ከዚያ ትንሽዬ ብሩሽ፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም፣ አየለች የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ሕመሙን ትጠብቃለች፣ አሁን ይመጣል፣ አሁን፣ አሁን፣ እመቤቴ ድረሽ፣ አሁን።

አለቀ ማዘር።

አለቀ? ምኑ?

ሔለን ጎንበስ ብላ የእናቷን አፍ ታያለች፣ እንዲህ ቀርባ ያየችው መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ይኼ ሁሉ ቀዳዳ፣ እማዬ ለምን አልነገርሽኝም፣ ድምጿ ቀጠን ይላል፣ ልጅ ሆና ልታለቅስ ስትል እንደሚቀጥነው። ነግሬሽ ምን ልታደርጊ፣ ልታስነቅይኝ?

ለአንድ ሰዓት ምንም እንዳይበሉ፣ ሪሐና ካርዱ ላይ እየጻፈች ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንቀባዋለን፣ ኅዳር ዘጠኝ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ኅዳር። ክረምቱ መጥቶ፣ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ። እሷን ለኅዳር የሚቀጥራት ማን ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ካለን ነው የሚላት፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ ይቺ ልጅ ግን ቀኑን ከነሰዓቱ ትጽፋለች፣ እንደምትመጣ ምንም ሳትጠራጠር።

ጠዋት አይመቸኝም፣ ትላለች አየለች፣ ከሰዓት አድርጊልኝ።